በሚሲዮኑ ግቢ የተረዳ መርዶ

አንድ ሰው ኖሮ ኖሮ ሲያልፍ፣ ዕድሜው ሁሉ ተጨምቆ ምን ይወጣዋል? ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ይህን ጥያቄ በትልልቅ ሰዎች ሕይወት ላይ ነበር የምመዝነው። አሁን ሳረጅ ሐሳቤ አንድ ቦታ አልረጋ እያለ፣ ዞሮ ዞሮ ሸዋ ሮቢት ላይ ልብስ ታጥብ ከነበረች ሴት ዘንድ ይወስደኛል። ስሟ ደብሪቱ ነው። ታሪኳን የነገረችኝ እናቴ ፋናዬ ናት፤ ደብሪቱ በሠራችበት ግቢ ካደጉት ልጆች አንዷ ነበረችና።

ጣሊያን አገሩን ከያዘ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ፣ ከሮቢ ወንዝ አጠገብ የካቶሊክ መነኮሳት ትምህርት ቤት ከፈቱ። ወላጆቻቸው የሞቱባቸውን፣ ጫካ የገቡባቸውን፣ ቤታቸው የተቃጠለባቸውን የአካባቢውን የቀወት ልጆች ሰብስበው ያበሉ፣ ያለብሱ፣ ፊደልና መዝሙር ያስተምሩ ነበር። ይህን መካድ ግፍ ነው። ልጆቹ ጠግበዋል፣ ንጹሕ ናቸው፤ ግን አንዱም ቁጭ ብሎ አይረጋም። ወደ ደሴ የሚያልፈው አዲሱ መንገድ አጥሩን ይታከከዋል። የካሚዮን ድምፅ በተሰማ ቁጥር ግማሹ ከአግዳሚው ሥር ይገባል፣ ግማሹ ወደ በሩ ይሮጣል። የቆላው ንፋስ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳው እንኳ ሁሉም ቀና ይላል።

ደብሪቱ ባሏ በንዳድ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች፣ ምላሷ የማያርፍ ሴት ነበረች። ጎረቤቶቿ ካቶሊክ ልትሆን ነው ብለው ሲያሟት፣ ሳሙና ሃይማኖት የለውም ትላቸዋለች። ብዙዎቹ ልጆች፣ ትልልቆቹ ሳይቀሩ፣ መኝታቸው ላይ ይሸኑ ነበር። እሷ ጓደኞቻቸው ሳያዩ አንሶላውን ሰብስባ ታጥበዋለች። የትምህርት ቤቱ አለቃ መነኩሲት፣ ልጆቹ ማድሬ የሚሏት፣ ይህ ሁሉ እጥበት ምንድን ነው ስትላት፣ “የቆላ ላብ ነው፣ ማድሬ፤ የእናንተ አገር ሰው አያውቀውም” ብላ ታልፋለች።

ማድሬ ክፉ አልነበረችም። የታመመ ልጅ እጇን ይዞ ነበር እንቅልፍ የሚወስደው። ነገር ግን አንድ የማይነቃነቅ እምነት ነበራት፤ ልጅ የሞተበትን ካላነሡበት ይረሳል የሚል። ስለዚህ በግቢው ውስጥ የሞተ ሰው ስም ማንሳት ክልክል ነው። የጣሊያኑ ሹምም በበኩሉ ለሽፍታ ማልቀስን ከልክሏል። ሽፍታ የሚለው አርበኞቹን ነው። ሁለቱ ሳይመካከሩ ትእዛዛቸው ገጠመ።

የእናቴ አባት አየለ፣ ልጁን እመለሳለሁ ብሎ ወደ አንኮበር ገደላገደል የወጣ ገበሬ ነበር። እናቷ ቀድማ ሞታለች። አንድ ቀን ከአሊዩ አምባ ጨው ጭና የምትመጣ ሐጂራ የምትባል ነጋዴ፣ ደብሪቱን ወንዝ ዳር አገኘቻትና አየለ መገደሉን ነገረቻት። ወላሂ፣ ሲቀበር በዓይኔ አይቻለሁ አለቻት።

መርዶ በእኛ አገር እንዲሁ አይነገርም። ዘመድ ይሰበሰባል፤ ሐዘንተኛው ማታውን ጥሩ እህል እንዲቀምስ ይደረጋል፤ ሊነጋጋ ሲል በሩ ይንኳኳል። ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ብቻውን እንዳይሰማ ነው። ባዳም አያረዳም። ደብሪቱ ይህን አክብራ የአየለን ወንድሞች ጠበቀች። እነሱ ግን ተበታትነዋል፤ ክረምቱ አልፎ ማሽላው እስኪያሽት ማንም ብቅ አላለም። በዚህ መሀል ወሬው ከልጅቷ በቀር ሰፈሩን ሁሉ አዳርሷል። ወተት የምታመጣው ሴት ለፋናዬ አብልጣ ትቀዳላት ጀመር። ከበሩ ሲያባርራት የኖረው ዘበኛው ጋሼ ወልደማርያም በድንገት እመቤቴ ይላት ጀመር። “ሰው ሁሉ ደግ ሲሆንብኝ ፈራሁ” ትል ነበር እናቴ። እህል አስጠላት። ትምህርቱን ትታ ቀኑን ሙሉ ከበሩ እስከ ወንዙ፣ ከወንዙ እስከ በሩ ትመላለሳለች።

ደብሪቱ መጠበቁ አላዋጣትም፤ ማድሬ ዘንድ ገባች።

“የዚች ልጅ አባት ሞቷል። ይነገራት።”

“ትረሳዋለች።”

“ያላወቀችውን እንዴት አድርጋ ትርሳው፣ ማድሬ?”

“ለቅሶ ይዛመታል፣ ደብሪቱ። አንዷ ካለቀሰች ሁሉም ያለቅሳሉ።”

ስለ ማድሬ አባባል ብዙ አስቤአለሁ። የተናገረችው ነገር እውነት ነበር፤ እውነት መሆኑ ግን ምን እንደሚያስፈርድ እስከ ዛሬ አልቆረጠልኝም።

ደብሪቱ ዘመድ ከጠፋ ዘመድ እሆናለሁ አለች። አንድ ማታ ፋናዬን አጠገቧ አስቀምጣ እንቁላል ጠብሳ አበላቻት። ሊነጋጋ ሲል ጋሼ ወልደማርያም በሩን ከፈተ። የሰፈር ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ፤ ሐጂራም አብራቸው ነበረች።

የደብሪቱ ስህተት እዚህ ላይ ነው። መርዶ የሚገባው ወደ አንድ ሰው ቤት ነው፤ ልጆቹ የሚተኙበት አዳራሽ ግን የሁሉም ቤት ነበር። ልጆቹ የዚያው አገር ልጆች ናቸውና፣ ጎህ ሲቀድ ነጠላ ያዘቀዘቀ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ አልጠፋቸውም። በባዶ እግራቸው አንድ በአንድ ወጥተው ቆሙ።

“ለእኔ ነው?” አለ አንዱ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

“ለእኔ ነው?” አለች ሌላዋ።

ሴቶቹ ዓይናቸውን የሚያሳርፉበት አጡ። ደብሪቱ ፋናዬን ሳብ አድርጋ አቀፈቻት። “አባትሽ አየለ አርፏል፣ ልጄ። ይኸው፣ ሰው አለሽ።”

ያን ጊዜ ፋናዬ ጮኸች፤ ግቢው በሙሉም ተከተላት። ማድሬ ወጥታ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች። ድምፁ እስከ ሹሙ ሰፈር ደርሶ ኖሮ አስካሪ የሚባሉት የሹሙ ወታደሮች መጥተው ሴቶቹን በተኑ። ደብሪቱም በዚያው ቀን ተባረረች።

እናቴ እስከ ቀትር አለቀሰች። ከዚያ ውሃ ጠየቀች፣ በላች፣ ተኛች። ከዚያ ቀን በኋላ ወደ በሩ አልሮጠችም። የሌሎቹ ነገር ግን ባሰ። ማታ ጥሩ ነገር የቀረበለት ልጅ ሳህኑን ይገፋል፤ አብልተው መርዶ የሚያረዱት ይመስለዋል። ገና ሳይነጋ ተነሥተው በሩን እያዩ ይቀመጣሉ።

ይህን ጋሼ ወልደማርያም ሲነግራት ደብሪቱ እግሯ አላርፍ አላት። ከሐጂራ ጋር ከአጣዬ ገበያ እስከ አሊዩ አምባ ገበያ እየተንከራተተች፣ የማን አባት እንደሞተ፣ የማን እንዳለ ስታጣራ ከረመች። ከዚያ ተመልሳ አጥሩ ሥር ቆማ ማድሬን አስጠራች፤ ማድሬ ሹሙን ጠይቂ አለቻት፤ ሹሙ በአስተርጓሚ አባረራት። ጣሊያን ከወጣ በኋላም ግቢውን ለተረከበው ሰው ያንኑ ብትጠይቅ፣ ጦርነቱ አብቅቷል፣ ምን ትቆሰቁሺዋለሽ አላት። አንዳቸውም አልፈቀዱላትም፤ ለሦስቱም ያለችው ግን ይህንኑ አንድ ነገር ነበር።

“ደመወዝ አልፈልግም። ለያንዳንዱ ልጅ አንድ ጠዋት ብቻ ስጡኝ። አባቱ የሞተበትን ልጅ፣ ሰው ይዤ መጥቼ አስለቅሰዋለሁ። አባቱ በሕይወት ላለውም መርዶው ያንተ አይደለም፣ ተኛ እለዋለሁ።”