የወንድሜን ክንፍ ይዤ ወደ ባሕር ዳር

ከደብረ ማርቆስ የተነሣሁት ገና ጎህ ሲቀድ ነው። የጉዞዬ ምክንያት የታላቅ ወንድሜን የጌታሁንን የጀርባ ሻንጣ ባሕር ዳር ለሚሰበሰቡ የቀድሞ አየር ወለዶች ማድረስ ነበር። ጌታሁን በወጣትነቱ ከአውሮፕላን በጃንጥላ እየዘለለ የተዋጋ፣ አምና በሕመም ያረፈ ሰው ነው። በሕይወት የተረፉት ጓዶቹ በዓመት አንድ ቀን ጣና ዳር ይገናኙና የሞቱባቸውን ሰዎች ትጥቅ ዘርግተው፣ ስማቸውን እየጠሩ ያስቧቸዋል። ዘንድሮ ጌታሁንንም እንጥራው ብለው ደወሉ። ባለቤቱ የሺ ጉልበቷን ስለሚያማት «አንተ አድርስልኝ» ብላ ሻንጣውን ከአልጋ ሥር አወጣችልኝ።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ መምህር ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ጠመኔ እንጂ ጠመንጃ ጨብጬ አላውቅም። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምጽፈው መንገድ ላይ መናገር ሲገባኝ ስላልተናገርሁት ነው።

ከማርቆስ እስከ እንጅባራ

መናኸሪያው ውስጥ ረዳቱ ሻንጣውን ወደ ሚኒባሱ ጣሪያ ሊወረውር ሲል ሾፌሩ እጁን ያዘው። ክዳኑ ላይ ጌታሁን በገዛ እጁ የሰፋውን የአየር ወለድ ክንፍ አይቶ ነው።

«አየር ወለድ ነበሩ እንዴ አባባ?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«የወንድሜ ነው» ማለት ነበረብኝ። «ያ ዘመን አለፈ እኮ ልጄ» አልሁት። አንዱን ወጣት ከጋቢና አስነሥቶ እኔን አስቀመጠኝ። ሻንጣውን ታቅፌ ተቀመጥሁ፤ ሳልዋሽ ያለፍሁት መሰለኝ።

ደምበጫን አልፈን ፍኖተ ሰላም ስንደርስ ማንጎ ሻጮች መስኮቱን ከበቡት። ከቡሬ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ወጣ፤ እንጅባራ ዳር የቀርከሃ ወንበሮች ተደርድረው፣ ፈረሶች ብርዱን ጀርባ ሰጥተውት ቆመዋል። ቁርስ የተቀቀለ ድንች በአዋዜ በላን። ሒሳቤን አንድ ነጋዴ ከፈለልኝ። «ለእርስዎ ያልተከፈለ ለማን ይከፈላል?» አለ። ሲዘሉ ያስፈራ እንደሆነ ሲጠይቀኝም፣ «መጀመሪያ ነፋሱ ጆሮህን ይደፍነዋል፤ ከዚያ ጃንጥላው ሲከፈት ዓለም ጸጥ ይላል» አልሁት። ቃሉ የጌታሁን ነው። «ወንድሜ ሲያወራ» የምትለዋን ብቻ ዋጥኋት። ተሳፋሪው ሁሉ ጸጥ ብሎ አዳመጠኝ፤ ክፍል ውስጥ እንኳ እንዲህ ተደምጬ አላውቅም።

ባሕር ዳር መናኸሪያ

ዳንግላንና መራዊን አልፈን ከሰዓት በኋላ ባሕር ዳር ገባን። ከደጋው ብርድ በኋላ ሙቀቱ ፊት ላይ ይጋረፋል። ሾፌሩ ሻንጣዬን ይዞልኝ ስንወርድ፣ ከኋላዬ ተቀምጣ የነበረች ነጠላ የለበሰች ሴት ተከተለችን። ትርንጎ ትባላለች፤ ቤቷ ከከተማው ዳር ዘንዘልማ ነው።

«ይቅርታ ጌታው፣ ጨዋታዎን ስሰማ ነበር» አለችኝ። «የኔም ሰው አየር ወለድ ነው። አሥር አለቃ ደምሌ ይባላል። ደርግ ሊወድቅ ሲል፣ ልጃችን በሆዴ እያለች ሄደ። እሱም አልመጣ፣ መርዶውም አልመጣ። ያውቁት ይሆን?»

ሾፌሩ አጠገቤ ቆሞ ይሰማል። እሱ ፊት «እኔ ወታደር አልነበርሁም» ማለት ሞት መሰለኝ።

«ደምሌ... ጀግና ነበር» አልኋት።

«ነበር?» አለች።

«አዎ፣ ጀግና ነበር።»

ነገ የት እንደምውል ጠየቀችኝ፤ ጣና ዳር የምንሰበሰብበትን ቦታ ነገርኋት። እጄን ይዛ ሳመችና ባጃጅ ውስጥ ገባች። ያስደሰትኋት መስሎኝ ዓባይ ማዶ አልጋ ያዝሁ፤ የተጠበሰ አሳ በልቼ በጊዜ ተኛሁ።

ጣና ዳር

በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ከሐይቁ ዳር ዋርካ ሥር ተሰበሰቡ። ውኃው ጠርዝ ላይ እምቦጭ አረሙ አረንጓዴ ምንጣፍ መስሏል፤ ከማዶ አንድ የደንገል ታንኳ በዝግታ ያልፋል። መሪያቸው ሻምበል በላይነህ በከዘራ ነው የሚሄዱት። «ወንድሙን ይዞልን መጣ» ብለው አቀፉኝ።

የጌታሁንን ሻንጣ ሰሌን ላይ ዘረገፉት። የተጨረማመተ ኮዳ፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ ኮምፓስ፣ ያልተፈታ ፋሻ፣ ሴንጢ፣ እጀታው የተቆረጠ ማንኪያ፣ ከጃንጥላ የተቀደደ ቁራጭ ጨርቅ። አንዱ ሽማግሌ ጨርቁን አፍንጫው ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። ሌላው ባዶውን ሻንጣ በእጁ እየመዘነ፣ «ይኼን ሞልተን ተራራ እንሮጥ ነበር፤ ዛሬ አንድ ጀሪካን ውኃ ያቅተናል» አለ፤ ሁሉም ሳቁ።

ያን ጊዜ ትርንጎ መጣች። ከእግር እስከ ራሷ ጥቁር ለብሳለች። ፋብሪካ የምትሠራው ልጇ ሰናይትም ጥቁር ለብሳ ደግፋታለች፤ የሁለቱም ዓይን አብጧል። ጎረቤቶችም ተከትለዋቸዋል።

«እግዚአብሔር ይስጣቸው» አለች ትርንጎ እኔን እያሳየች። «ትናንት የደምሌን መርዶ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው።»

ሻምበል ዞር ብለው አዩኝ። «እሱ? እናቴ፣ እሱ መምህር ነው እኮ። ወታደር ሆኖ አያውቅም።»

«ነበር» ያልኋት ቃል ምን እንደሠራ የገባኝ ያኔ ነው።

«ደምሌን አላውቀውም» አልሁ። «ስሙንም የሰማሁት ከእርስዎ ነው።»

«ታዲያ ለምን ነበር አሉኝ?»

«ሰው ሲያከብረኝ ጣፈጠኝ።»

ሰናይት ተናገረች። «ሌሊቱን ሙሉ አልቅሰናል። ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል። አሁን ምን ብለን እንመለስ? አልሞተም እንበል?»

የእናቷን ጉልበት ልይዝ ጎንበስ ስል ትርንጎ እግሯን ሰበሰበች። ሻምበል ተቆጥተው ቢሰድቡኝ በተሻለኝ ነበር፤ አላዩኝም እንኳ።

«እኔም ደምሌን አላውቀውም» አሏት በቀስታ። «ሞቷል ልልሽ አልችልም። በሕይወት አለም ልልሽ አልችልም። እኛ ብዙ ነበርን።»

ትርንጎ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የቀሚሷን ጫፍ ዳሰሰች። ከዚያ «ይኼ ጥቁር ልብስ ሣጥን ውስጥ ብዙ ዘመን ታጥፎ ተቀምጧል» አለች። «አሁን አላወልቀውም። መጠበቁ ደከመኝ። ስሙን ከነዚህ ጋር ጥሩልኝ።»

«ካለስ?» አሉ ሻምበል።

«ካለ መጥቶ ይውቀሰኝ።»

የደምሌ የሆነ ዕቃ አልነበረም። ሻምበል የጌታሁንን ኮዳ አነሡና ከተናዘዝሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኔ ተመለከቱ። ራሴን በእሺታ ነቀነቅሁ። ኮዳውን በደምሌ ስም ለብቻው አኖሩት። ከዚያ ስም ጥሪው ጀመረ። በእያንዳንዱ ስም ሽማግሌዎቹ በሟቹ ፈንታ «አቤት» ይላሉ። «አሥር አለቃ ደምሌ» ሲባልም አንድ ላይ «አቤት» አሉ። ትርንጎ የለቅሶ ወጉን ጠብቃ ደረቷን እየመታች አለቀሰች። እኔ ራቅ ብዬ ዋርካው ግንድ ጋ ቆምሁ። እንባዬ መጥቶ ነበር፤ ማልቀስ የሚገባኝ ስላልመሰለኝ ዋጥ አደረግሁት።

ሊሄዱ ሲሉ ሻምበል ኮዳውን ለሰናይት ሰጧት። ቀርቤ «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልሁ።

«ይቅር ያልሁህ እንዳይመስልህ» አለችኝ ትርንጎ። አንተ ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነው። «ጥቁር መልበሱ የኔ ነው። ውሸቱ ያንተ ነው። አታደባልቀው።»

ቤት

ሻንጣውን ለሽማግሌዎቹ ትቼ ባዶ እጄን ማርቆስ ገባሁ። የሺ እንዴት እንደተቀበሉኝ ስትጠይቀኝ ከጋቢናው ጀምሬ ሁሉንም ነገርኋት። ሳታቋርጠኝ ሰማች። «ኮዳው ለልጅቱ መሄዱ ደግ ነው፤ ጌታሁንም ደስ ይለው ነበር» አለች። «ሌላውን ግን ምን ልበልህ» ብላ እራት ልታቀርብ ተነሣች።

የዚህ ጉዞ ትምህርት ምንድን ነው ብባል፣ ያልተሸከምሁት ሸክም ያስገኘውን ክብር ስቀበል ክብደቱን ሌላ ሰው ጫንቃ ላይ መጣሌን ነው የምለው። ይህን ማወቄ ግን አላሳረፈኝም። አሁንም በመናኸሪያው ሳልፍ ከባሕር ዳር የገባ መኪና ባየሁ ቁጥር ቆም እላለሁ። አንድ ሽማግሌ ወርዶ «ደምሌ እባላለሁ፤ ሚስቴን ጥቁር ያለበሳት ማነው?» ቢለኝ፣ ምን እንደምመልስለት እስከ ዛሬ አላገኘሁም።