የሽፈራው ዱቄት ብቸኛ ደንበኛ

ኑሰይባ ሱቅ የመክፈት ሐሳብ የመጣላት ሆቴል ውስጥ ስትሠራ ነው። አዳማ ካሉት ትልልቅ የስብሰባ ሆቴሎች በአንዱ ዘጠኝ ዓመት የወጥ ቤቱ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበረች። ዱቄቱን፣ ዘይቱን፣ ሥጋውን እየመዘነች ለምግብ አብሳዮቹ የምታስረክበው እሷ ስለሆነች፣ ከአዲስ አበባ ለሥልጠና የሚመጡት እንግዶች ቁርስ ላይ የሚጠይቁት ነገር ከዓመት ዓመት እየተለወጠ መሄዱንም ከሁሉ ቀድማ ያየችው እሷ ናት። ጥብሱና ፍርፍሩ ሲተርፍ፣ እርጎ ውስጥ የተዘፈዘፈው ቺያ የሚባል ጥቃቅን ፍሬ ግን ተጠርጎ ያልቃል። አጃ በወተት ይጠይቃሉ፣ አረንጓዴ ሻይ ይጠይቃሉ፣ የሽፈራው ቅጠል ዱቄት በሙቅ ውኃ በጥብጣችሁ አምጡልን ይላሉ። ዛሬ አዲስ አበባ የተበላ ነገ አዳማ መግባቱ አይቀርም ብላ አሰበች።

ሆቴሉ ሥራ ቀዝቅዞበት ሠራተኛ ሲቀንስ ኑሰይባም ከተቀነሱት አንዷ ሆነች። በተሰጣት ካሳ ፍራንኮ አካባቢ አንድ ጠባብ ሱቅ ተከራየች። ባሏ መሐመድዘይን በአዳማና በወለንጪቲ መካከል ሚኒባስ ይነዳል። በዚያው መኪናው ካርቶኖቹን ሲያመላልስላት እያንዳንዱን እያነሳ፣ «ይሄስ ምንድን ነው?» ይላታል።

«ቺያ።»

«ይሄኛውስ?»

«ኪኖዋ፤ እህል ነው።»

«ሰው ይበላዋል?»

«ይበላዋል» አለችው። እሱም መደርደሪያው ላይ አስቀመጠው።

ሰው ግን አልበላውም። ይገባል፣ ያያል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ ፈገግ ብሎ ይወጣል። ከሱቋ ጀርባ የሚኖሩ አንዲት ሴትዮ የሽፈራውን ዱቄት አንስተው አሸተቱና፣ «ይሄ ያ ዛፍ አይደለም እንዴ? እኛ ጓሮ ሞልቷል እኮ፤ ፍየሏ እንኳን ሰልችቷታል» አሏት። ዘመድ ሊጠይቅ ከሁሩታ የመጣ አንድ ገበሬ ደግሞ በፕላስቲክ የታሸገውን አጃ አገላብጦ ሲያይ ቆየ። የራሱን አጃ እዚህ አገኛለሁ ብሎ አልጠበቀም። «መቼስ አጃ መሆኑን አውቄዋለሁ፤ ግን ምን አድርገው ነው እንዲህ የደፈጠጡት?» ብሎ ጠየቃት። ዋጋውን ስትነግረው በኦሮምኛ አንድ ነገር ብሎ ሣቀ፤ አብሮት የነበረውም ሣቀ። ኑሰይባ ኦሮምኛ ትሰማለች። ከዛሬ ጀምሮ አጃ የሚበሉትን ፈረሶቼን አከብራቸዋለሁ ነው ያለው።

ቢቀምሱት ይገዙታል ብላ ቺያውን በእርጎ አድርጋ በትንንሽ ብርጭቆ በር ላይ አቀረበች። ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጃገረዶች ከበው አዩትና አንዷ፣ «ኧረ እንቁራሪት የጣለችውን ይመስላል» አለች። ከዚያ በኋላ ብርጭቆውን የነካ የለም። በገበያ ቀን ከባሏ ጋር ወለንጪቲ ወርዳ ሸራ ዘርግታም ሞከረች። ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት አዝናላት ትንሽ ሽፈራው ቀመሰች፤ ውኃ ተጉመጠመጠች፣ ከዚያ ጥላዋን አካፍላት አብረው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲያወሩ ዋሉ። ኑሰይባ የወሰደችውን ሁሉ ይዛ ተመለሰች። መንገዱን ሙሉ መስኮት መስኮቱን ስታይ መጣች።

ዕቃውን ከአዲስ አበባ የሚያመጣላት ያቤጽ የሚባል ወጣት ነበር። በስድስተኛው ወር መጥቶ ያልተነካውን መደርደሪያ አየና፣ «እህቴ፣ አንቺ ምግብ ነው የምትሸጪው። ሰው ምግብ አለው። ጤና ሽጪለት» አላት። ከቦርሳው በራሪ ወረቀትና አንድ ትልቅ ፖስተር አወጣ። ፖስተሩ ላይ የሽፈራው ቅጠል ተሥሎ ከሥሩ፣ ስኳርን ይቆጣጠራል፣ የደም ግፊትን ያወርዳል፣ ኩላሊትን ያጥባል የሚል ተጽፏል። በራሪ ወረቀቱ ደግሞ ከዚያም አልፎ ስኳርን ከሥሩ ይነቅላል ይላል።

ኑሰይባ ይህን ስታነብ እናቷ ትዝ አሏት። እናቷ ስኳር ነበረባቸው፤ ለሰባት ዓመት ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን የወጋቻቸው እሷ ናት። ስኳር ከሥሩ እንደማይነቀል ከማንም ይልቅ ታውቃለች። «ይሄኛው እንኳን ትንሽ ተጋኗል» አለችው።

«ተፈጥሯዊ ነው፤ ማንን ይጎዳል?» አለ ያቤጽ።

ፖስተሩን መስታወቱ ላይ ለጠፈችው።

ጋሽ ሰብስቤን ያመጣቸው ይህ ፖስተር ነው። ድሮ ባቡር ጣቢያ መካኒክ የነበሩ፣ ጡረታ ከወጡ የቆዩ፣ ሚስታቸው ሞተውባቸው ከልጃቸው ከፋና ጋር የሚኖሩ ሰው ናቸው። ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው። መነጽራቸውን አድርገው ፖስተሩን ከላይ እስከ ታች አነበቡ፤ ገብተውም በራሪ ወረቀቱን እዚያው ቆመው አንብበው ጨረሱ።

«ልጄ፣ ይሄን ነገር አንቺ ታምኚበታለሽ?»

«ብዙ ሰው ይጠቀመዋል፣ ጋሽዬ» አለች። ብዙ ሰው ያለችው የሆቴሉን እንግዶች ነው።

አንድ ፓኬት ገዙ። በሚቀጥለው ማክሰኞ ተመልሰው መጡ፤ ከዚያ በኋላ ማክሰኞ ቀርተው አያውቁም። ኑሰይባ ቀኑን መጠበቅ ጀመረች። የሚገዙት ነገር ትንሽ ቢሆንም አንድ ሰው ሱቋን ከቁም ነገር ቆጥሮ መምጣቱ አበረታቷት ነበር። ወንበር ታወጣላቸዋለች፤ ቁጭ ብለው የድሬዳዋውን መስመር፣ መተሐራ ላይ ሐዲዱ በሙቀት ሲጣመም ያደረጉትን ሁሉ ያወሯታል። አንዳንድ ጊዜም ስለ ሕመማቸው ያነሳሉ። ስኳር አለባቸው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ኢንሱሊን ተወግተዋል። ሆዳቸው ላይ መወጊያ ቦታ ጠፍቷል፤ ቆዳው ጠጥሯል። ልጃቸው ሰዓቱን እየጠበቀች፣ አባዬ ወሰድክ ወይ፣ ስትላቸው እንደ ሕፃን መቆጠራቸው ያናድዳቸዋል።

በሰባተኛው ወይም በስምንተኛው ማክሰኞ ይመስላል፣ ፓኬቱን በእጃቸው ይዘው ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆሙ።

«ከጠጣሁት ወዲህ ቀለል ብሎኛል። እንዲያው መርፌውን ለጊዜው ብተወውስ ምን ትያለሽ?»

ኑሰይባ ምን ማለት እንዳለባት ታውቅ ነበር። ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። እንዳይሞክሩት ብትላቸው ግን ዱቄቱ እንደማይፈውስ በራሷ አፍ መናገሯ ነው፤ ያን ቢሰሙ የሚቀጥለው ማክሰኞ ለምን ይመጣሉ? ይህን ሁሉ ያሰበችው መልስ ለመስጠት በሚፈጀው ቅጽበት ውስጥ ነው።

«እሱን እንግዲህ እርስዎ ያውቁታል፣ ጋሽዬ» አለች።

«እውነትሽን ነው። ሰውነቴን የማውቀው እኔ ነኝ» አሉና ወጡ።

ይተዉት አላልኳቸውም ብላ ራሷን አሳመነች። ያን ዕለትም፣ በማግስቱም ይህንኑ ለራሷ ደጋግማ ነገረች።

በሚቀጥለው ማክሰኞ መጡ፤ ከንፈራቸው ደርቆ ውኃ ጠየቋት። ሙቀቱ ነው አሉ፤ እውነትም የአዳማ ሙቀት ያን ሰሞን ከባድ ነበር። ሦስት ብርጭቆ በላይ በላዩ ሲጠጡ እያየች ዝም አለች። ከዚያ በቀጠለው ማክሰኞ ግን ቀሩ። ወንበሩ እስከ ቀትር በር ላይ ቆየ። ረቡዕ ጠዋት ሱቁን ሳትከፍት የነገሯትን ምልክት እየጠየቀች ቤታቸውን ፈልጋ አገኘች። ጎረቤታቸው ልብስ እያሰጡ፣ «ሰኞ ዕለት ራሳቸውን ስተው ተገኙ። ሆስፒታል ናቸው። አሁንም አልነቁም» አሏት።

ሆስፒታል ስትደርስ ፋና ከክፍሉ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሠላሳ ዓመት ያልሞላት የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናት፤ የሥራ ጋዎኗን እንኳን አላወለቀችም። ኑሰይባ የአባቷ ወዳጅ ነኝ ብላ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ስኳሩ ደሙን መርዞታል አሉኝ» አለች ፋና፣ ማንም ይሁን ማን የምትነግረው ሰው ማግኘቷ የሚያቃልላት ይመስል። «መርፌውን ትቶ ነበር። ፍሪጁን ስከፍት የሁለት ሳምንቱ እንዳለ ተቀምጧል። ወሰድክ ወይ ስለው አዎ ይለኝ ነበር። ዋሽቶኝ አያውቅም።» ከቦርሳዋ የተጣጠፈ ወረቀት አወጣች። የሱቁ በራሪ ወረቀት ነው። «ትራሱ ሥር አገኘሁት። ከሥሩ ይነቅላል የሚለውን በእስክሪብቶ አስምሮበታል። ይሄን የሸጠለትን ሰው አንድ ቀን አገኘዋለሁ።»

ኑሰይባ አላህ ይማራቸው ብላ ተነሣች።

ቤት ገብታ ለመሐመድዘይን ነገረችው። ምሳውን እየበላ ነበር፤ እጁን ከትሪው አነሣ።

«ተዉ ብለሻቸዋል?»

«አላልኳቸውም።»

«አትተዉስ ብለሻቸዋል?»

መሐመድዘይን እጁን ታጠበ። «ለልጅቷ ንገሪያት። እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ» አላት። ብቻዬን ነው የምሄደው አለችው።

በማግስቱ ጠዋት ነገረቻት። ፖስተሩን፣ ማክሰኞዎቹን፣ በሩ ላይ የተጠየቀችውን፣ የመለሰችውን፣ የእናቷንም ነገር ጭምር ሳታስቀር ነገረቻት። ፋና አልጮኸችም። እስክትጨርስ ድረስ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ አዳመጠቻት።

«እናትሽን ትወጊያቸው ነበር?»

«ሰባት ዓመት።»

«እሳቸው መርፌውን ልተወው ብለውሽ ቢሆንስ?»

ኑሰይባ አለቀሰች። ፋና ግን አላጽናናቻትም፤ ተነሥታ ወደ አባቷ ክፍል ገባችና በሩን ዘጋችው።

ጋሽ ሰብስቤ በአራተኛው ቀን ነቁ። ነፍሳቸው ተረፈች፤ ኩላሊታቸው ግን ተጎድቷል፣ በግራ እግራቸው ጣት ላይ የነበረችው ቁስልም ሳትታወቅ ተባብሳ አንድ ጣታቸው ተቆረጠ። ከሆስፒታል ወጥተው ቤት ከገቡ ከሳምንት በኋላ ኑሰይባ ልትጠይቃቸው ሄደች። በሩን ፋና ከፈተችላት፤ ወደ ውስጥ በእጇ አመልክታ ራሷ ወደ ጓዳ ገባች።

ከስተው ነበር። የተተኮሰው ሸሚዝ አንገታቸው ላይ ሰፍቷል። ኑሰይባ አልጋው አጠገብ ቆማ ይቅርታ ጠየቀቻቸው።

«አንቺ ምን አደረግሽ? የተውኩት እኔ ነኝ» አሉ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ይዞ ይወጣ ነበር። እሷ ግን፣ «ጠይቀውኝ ነበር እኮ፣ ጋሽዬ። እያወቅሁ ነው ዝም ያልኩት» አለቻቸው።

ጋሽ ሰብስቤ ቀና ብለው አይተዋት፣ «አዎ። ጠይቄሽ ነበር» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

ያን ዕለት ከሰዓት ፖስተሩን ቀደደች። በራሪ ወረቀቶቹን ከነካርቶናቸው አቃጠለች። ለያቤጽ ደውላ የሆነውን ስትነግረው፣ ወረቀቱ ላይ ሐኪም ያማክሩ የሚል አለ፣ ከታች በትንሹ፣ ብሎ መለሰላት። እውነትም ነበር፤ ጤፍ በምታክል ፊደል። ከእሱ ዕቃ መቀበል አቆመች። መደርደሪያው ላይ በቀረው ላይ ደግሞ በራሷ እጅ፣ ይህ ምግብ ነው፣ በሽታ አያድንም፣ መድኃኒትዎን እንዳያቋርጡ ብላ ጽፋ ለጠፈች።

ድሮም ያልገዛው ሰው ከዚያ በኋላ ጭራሽ አልገዛም። አልፎ አልፎ ይመጡ የነበሩ አንዲት ሴት ጽሑፉን አንብበው፣ «ታዲያ የማያድን ከሆነ በዚህ ዋጋ ለምን እገዛዋለሁ?» አሏት፤ ልክ ናቸው አለች ኑሰይባ በልቧ። ቺያው ጊዜው አልፎበት ተጣለ። ኪኖዋውን ቤት ወስደው እንደ ሩዝ ቀቅለው በሉት፤ መሐመድዘይን አይከፋም አለ። ሱቁ ውስጥ አሁን ያለው በሶ፣ ቆሎ፣ የተቆላ ሽምብራና ምስር ነው። ሰው ይገዛል፤ ብዙ ባይሆንም ይገዛል። ዕቃው ሲያልቅ ከሁሩታና ከወለንጪቲ መሐመድዘይን ያመጣላታል።

ጋሽ ሰብስቤ ዘንድ ቅዳሜ ቅዳሜ ትሄዳለች። ባዶ እጇን ነው የምትሄደው፤ የሚበላ ነገር ይዛ እዚያ ቤት መግባት አልቻለችም። ዱላቸውን ተደግፈው ግቢው ውስጥ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። ሰላምታ ይቀበሏታል፣ ስለ ባሏ ይጠይቋታል፣ ዝናብ ዘገየ ይላሉ። ስለ ባቡሩ ግን አያወሯትም። ፋና ሻይ አምጥታ አስቀምጣ ትመለሳለች። አንድ ሁለቴ ኑሰይባ ያን ነገር እንደገና ልታነሳ አስባ ነበር፤ ነገር ግን ይቅር ካላሏት ማስገደድ፣ ካሏትም መጨቅጨቅ ስለመሰላት ተወችው። ሻይዋን ጠጥታ ትነሣለች። እሳቸውም፣ «ደህና ግቢ» ይሏታል። ልጄ አይሏትም።