ቀለሟ ያልደረቀ ጀልባ

የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ብሩሹ» ይለዋል። ሥራው የወደባችንን የጥበቃ ጀልባ ቀለም መቀባት ነው። ጀልባዋ የባሕር ጠባቂ ትባል እንጂ እውነቱን ለመናገር ጠባቂ የሚያስፈልጋት እሷ ነበረች። የወደቡ አዛዥ ጨው ውኃ እንዳይነካት የሚሳሳላትን ያህል ለገዛ ልጁ እንኳ አይሳሳም። እንግዳ ሲመጣ ትቀባለች፤ ሲቀርም፣ ድንገት ከመጣ ተብሎ፣ ትቀባለች። ብሩሹ የሚቀባው ሲያጣ መልሕቁን ቀባ፣ ሰንሰለቱን ቀባ፣ የሞተር ክፍሉን ክዳን ደጋግሞ ቀባ። «መልክህን ታይባታለህ!» እያለ ጉራውን ሲነዛብን ነው የሚውለው። ሞተሩ መቼ ተነስቶ እንደሚያውቅ ግን የጠየቀው የለም።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ ትልቅ እንግዳ ይመጣል ተብሎ ምንጣፍ ሲነጠፍ፣ ዓሣ አስጋሪ የሆነው የብሩሹ ታናሽ ወንድም ከባሕር ሲመለስ የታንኳው ሞተር ጠፋበት። ነፋሱ ታንኳውን ወደ ቋጥኙ ይገፋት ጀመር። ሸሚዙን አውልቆ ሲያውለበልብ ከወደቡ ሆነን እናየዋለን።

ብሩሹ እየሮጠ አዛዡ ፊት ቆመ።

«ጌታዬ፣ ወንድሜ ሊሞትብኝ ነው! ጀልባዋን እናውጣት!»

«ምን ነካህ አንተ? ቀለሟ እኮ አልደረቀም!»

«መልሼ እቀባታለሁ! ዕድሜ ልኬን እቀባታለሁ!»

ፈቃድ አልጠበቀም፤ ዘሎ ገባ። የሞተር ክፍሉን ክዳን ቢጎትት፣ ቢጎትት፣ ንቅንቅ አልል አለው። ያ ሁሉ የደራረበው ቀለም ክዳኑን ከወለሉ ጋር አጣብቆታል። መሮና መዶሻ አንስቶ የገዛ ሥራውን ይፈለፍል ጀመር። እያለቀሰ ይመታል፣ እየመታ ይራገማል፤ የሚራገመውም ራሱን ነው። በስንት መከራ ሲከፈትለት ውስጥ ያለው ሞተር ያብረቀርቃል። ለካ እሱንም ቀብቶት ኖሯል፤ የነዳጁ ክዳን ሳይቀር።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሁለት ዓሣ አስጋሪዎች እየቀዘፉ ሄደው ወንድምየውን ከነታንኳው ጎትተው አመጡት። ዞር ብሎ «እጃችሁ ይባረክ» ያላቸው አልነበረም፤ የእንግዳው መኪና እየደረሰ ነበራ። ብሩሹን ደግሞ ሁለት ጠባቂዎች ክንድና ክንዱን ይዘውታል።

አዛዡ ወንድምየው ጆሮ ሥር ጎንበስ አለ። «ወንድምህ የመንግሥት ንብረት ሰብሯል። ዘብጥያ መውረዱም መትረፉም አንተ አፍ ላይ ነው።»

እንግዳው ከመኪናው ወርዶ ውኃ የሚያንጠባጥበውን ሰው አየና «ይሄ ደግሞ ምን ሆኖ ነው?» አለ።

«ጀልባችን ከሞት ያተረፈችው ዜጋ ነው፣ ክቡርነትዎ።»

«እውነት ነው?»

ወንድምየው ወደ ታላቁ አየ፤ ታላቁ አንገቱን ደፍቷል።

«አዎ ጌታዬ» አለ። «እሷ ናት ያወጣችኝ።»

ጭብጨባው ቀለጠ። ብሩሹም እንዲያጨበጭብ ጠባቂዎቹ እጁን ለቀቁለት።