ኮዳ ውሃ ያስያዝንበት ፖከር

አራት ነበርን። አስር አለቃ ታደለ መሪያችን ነው፤ ቁጥብ ሰው፣ ጥይትም ቃልም የማያባክን። አብዲ የጅግጅጋ ልጅ፣ አገሩንም ቋንቋውንም የሚያውቅልን። መላኩ መትረየስ ተኳሽ፣ ጎበዝ፣ ነገር ግን ሲገፉት የማይችል። አራተኛው እኔ፤ በዕድሜ ስለምበልጣቸው ጋሼ ይሉኝ ነበር።

ልጆቼ፣ ፖከር እንደምትጫወቱ ሰምቻለሁ። አልቆጣም። ይህን ግን አንብቡ።

ኮሮና ከመግባቱ በፊት በነበረው ጅላል፣ ዝናብ በሌለበት ወቅት፣ ከድንበር ከተማዋ ከቶጎጫሌ ወዲህ ባለች ራሰ በራ ኮረብታ ላይ ለቃፊር ጥበቃ ተመደብን። መሣሪያ የሚያሻግሩ ታጣቂዎች በዚያ ያልፋሉ ተብሏል። ከጠዋት ጀምሮ የመነሻ ትእዛዝ በሬዲዮ እንጠብቃለን። መቀመጥ አቃተን። ታደለ ጫማውን ያስራል፣ ይፈታል። መላኩ የጥይት ዝናሩን ደጋግሞ ያገላብጣል። በመጨረሻ አብዲ ካርታ አወጣ።

ብር እዚያ ምንም አይገዛም። የምናስይዘው ውሃ ነበር፤ አንድ ቀለህ እንደ አንድ ጉንጭ ይቆጠራል። ኮዳችን ሞልቶ ነበር፤ ውሃ የሚያመጣልን ቦቴ ዳግመኛ የሚመጣው በማግስቱ ነው።

አብዲ ሁለት ሁለት ካርታ ሰጠን። የእኔን ገለጥ አድርጌ አየሁ፤ ሁለት አስ። በፖከር ከዚህ የሚበልጥ መነሻ የለም። መላኩ ሦስት ቀለህ አስያዘ። ተራው የእኔ ሆነ።

አሰብኩ። ቀስ ብል ሁሉም ይገባሉ፤ መሬት ላይ የሚገለጡት አምስት ካርታዎች ለአንዱ ሊያደሉለት ይችላሉ። ጠንከር ብል ሸሽተው ጥቂት ጉንጭ ብቻ አገኛለሁ።

«ጋሼ፣ ካርታውን እንደ ዳዊት አትድገመው፤ ተጫወት!» አለ መላኩ።

ያን ጊዜ ካርታዬን ትቼ ሰውየውን አየሁት። ከቁጥብ ሰው ጥሩ ካርታ ይደበቃል። ኩሩ ሰው ግን በግልጽ ሲገፉት እሱም ይገፋል። ቀለሆቼን በሙሉ ወደ መሃል አደረግኋቸው።

«ሙሉ ኮዳ» አልኩ።

«ዋሪያ፣ ጋሼ ዝም ብሎ ከቆየ ፈንጂ ቀብሯል። እኔ ወጣሁ» አለ አብዲ። ታደለም ካርታውን ጣለ።

«ፈሪዎች!» አለ መላኩ። ያለውን ሁሉ ገፋ። ሁለት ንጉሥ ይዞ ነበር። መሬት ላይ የተገለጡት ካርታዎች ማናችንንም አልረዱም፤ አሸነፍኩ። ኮዳውን ከፍቶ የእሱን ውሃ በባዶ ጀሪካን ገለበጠልኝ። እየሳቀ ነበር።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሬዲዮው ጮኸ። ተነሳን። ጀሪካኑን እኔ ተሸከምኩ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። በመጀመሪያው እረፍት ጀሪካኑን ለመላኩ ዘረጋሁለት።

«ጠጣ፤ ጨዋታ ነው።»

«ጨዋታ ከሆነማ ተሸንፌያለሁ። ያንተ ነው።»

«መላኩ፣ ትእዛዝ ነው!» አለ ታደለ።

ከንፈሩን አርሶ መለሰልኝ።

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ከአንድ ቢርካ፣ አርብቶ አደሮች ዝናብ ከሚያጠራቅሙበት ጉድጓድ፣ አጠገብ ደረስን። «አዲስ ዱካ አለ። ማንም እንዳይጠጋ» አለ አብዲ። በደረታችን ተኛን። መላኩ መትረየሱን አስቀመጠና በክርኑ እየተሳበ ወደ ውሃው ወረደ። ጠራነው። አልዞረም። ሁለት ጥይት ከማዶ ተተኮሰ። ተኮስን። አብዲ ሊጎትተው ሮጠ፤ ግራ እጁን ተመታ። ታጣቂዎቹ ሸሹ። መላኩን ስንገለብጠው ሞቷል። እጁ ውሃው ጋ አልደረሰም።

ካርታውን በትክክል ተጫውቻለሁ፤ ዛሬም ሁለት አስ ቢደርሰኝ እንዲሁ አደርጋለሁ። ነገር ግን የመላኩን ኩራት አውቄ አሸነፍኩበት፤ ያ ኩራት የተበላውን ውሃ መልሶ እንደማያስጠጣው ግን አልታየኝም። ልጆቼ፣ ሰው ያለ እሱ ሊኖር የማይችለውን ነገር ማስያዝ ጨዋታ አይደለም።

መላኩ ሕይወቱን ከፈለ። አብዲ ሁለት ጣቶቹን። ታደለ ቁማር ፈቅደሃል ተብሎ ማዕረጉን። እኔ ምንም አልከፈልኩም። አሸናፊው እኔ ነበርኩ።