ለዕድሜው አጭር ነው

«ለዕድሜው አጭር ነው» የሚለውን ነገር ስሰማ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ጣሊያኖቹ ሲሉት ፈገግ ብለው ነው፤ ትከሻቸውን ሰብቀው፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ ጥፋቱ የእግዜር እንጂ የእነሱ እንዳልሆነ እያሳዩ። እኔ እንደዚያ አይነት ፈገግታ አልችልም። ልጄን በጣም ከሚወደው ቦታ ያነሱት በዚህ አነጋገር ስለሆነ፣ የተናገረውን ሁሉ አንድ በአንድ ስሙን እስኪረሳ ድረስ ልሰድበው ተነስቼ ነበር። ደግሞም ጀምሬ ነበር።

ሮም ውስጥ የበረዶ ሆኪ መኖሩን አብዛኛው የሮም ሰው አያውቅም። ከተማው እንዳለ ኳስ ነው። እኔም ያወቅኩት የበረዶ ሜዳ ጽዳት ሥራ ስላገኘሁ ነው፤ ከመጋዘኖች ጀርባ ያለ፣ ዝናብ ሲዘንብ ጣሪያው የሚያንጠባጥብ አዳራሽ። ልጄን የምተውለት ሰው ስላልነበረኝ ይዤው እገባለሁ። የመልበሻ ክፍሎቹን እስክወለውል እሱ የኪራይ የበረዶ ጫማ አጥልቆ፣ የሜዳውን አጥር በሁለት እጁ ይዞ ይዞራል። በሁለተኛው ወር አጥሩን ለቀቀ። በሁለተኛው ዓመት የክለቡ አሰልጣኝ ቆሞ አየውና «ይሄ የማን ልጅ ነው?» ብሎ ጮኸ። «የኔ ነው!» አልኩ፣ መወልወያዬን እንደ በትር ይዤ።

ጨዋታው ለማያውቅ ሰው ግራ ያጋባል፤ እኔንም አጋብቶኝ ነበር። ባጭሩ ግን ከግብ ጠባቂው ሌላ አምስት ልጆች አሉ፣ ከፊት ካሉት ከሦስቱ መሃለኛው ሁሉንም ይሸከማል። ዳኛው ጥቁሯን ጠፍጣፋ ጎማ በረዶው ላይ ሲጥል ከተቃራኒው ልጅ ጋር ግንባር ለግንባር ገጥሞ የሚሻማት እሱ ነው። ሲያጠቁ ያከፋፍላል፤ ሲጠቁ ደግሞ ተመልሶ የራሱ ጎል ፊት ከትልልቆቹ ጋር ይታገላል። ልጄ የሚወደው ይህን ቦታ ብቻ ነው። አንድ ቀን ዳር አቁመውት «እማ፣ ጨዋታውን በመስኮት ያየሁት ነው የሚመስለኝ» አለኝ።

ታዲያ አጭር ነበር፤ አልክድም። ከእኩዮቹ ጋር ሲሰለፍ ጭንቅላቱ ትከሻቸው ላይ ነው። የቤታችን በር መቃን ላይ በየልደቱ በእርሳስ እየለካሁ አሰምር ነበርና መስመሮቹ ተጠጋግተው ሳይ ያንገበግበኛል። እንቁላል አበላሁት፣ ወተት ጋትኩት፣ ጠዋት ጠዋት ብረት ላይ እንዲንጠለጠል አዘዝኩት። «ቀና ብለህ ቁም!» ስል ነው የኖርኩት። ቅጽ በተሞላ ቁጥር ቁመቱ ላይ ሦስት ሴንቲ ሜትር እጨምርለታለሁ። ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ አካባቢ ካለው የሐበሻ ሱቅ ስንገባ ሴቶቹ «ልጁን አታበይውም እንዴ?» ይሉኛል፤ ሳልገዛ የወጣሁባቸው ቀናት አሉ። አባቱ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ሰው ነበር፤ ሱዳን ላይ ተለያየን። ልጁ ይህ ቁመት ከየት መጣበት እያልኩ ከራሴ ጋር እሟገታለሁ።

ባለፈው ክረምት ከሰሜን አንድ መልማይ መጣ። እዚያ ተራሮቹ ሥር ሰው በዚህ ጨዋታ ደመወዝ ተቆርጦለት ይኖራል፤ ልጅ መልምለው ያሳድራሉ፣ ያስተምራሉ፣ ያጫውታሉ። ልጄ ለዚህ ቀን ስንት ጊዜ እንደጸለየ እኔ ነኝ የማውቀው። እሁድ ጠዋት ነበር። እኔ ሥራዬን ትቼ አጥሩ ሥር ቆሜያለሁ።

ጎማዋ ስትጣል ልጄን ማየት ነበር! ረጅሙ ልጅ ወገቡን አጥፎ እስኪወርድ የኔው ቀድሞ ታች ነው፤ አገጩ የመጫወቻ ዱላውን ሊነካ ምንም አይቀረው፣ ጎማዋም ወደ ኋላ ሄዳ ጓደኛው ዘንድ ደርሳለች። አንዴ ሁለቴ አይደለም፣ ጠዋቱን ሙሉ። ጎማዋ የምታልፍበትን ክፍተት ከመከፈቱ በፊት ያየዋል፤ ይህን እኔ ጽዳቷ እንኳ አውቄዋለሁ። ግን ጎሉ ፊት አንድ ግንድ የሚያህል ልጅ በዳሌው ገፋውና ወደቀ። ተነሳ። ደግሞ ገፋው፣ ደግሞ ወደቀ፣ በዚያው ጎል ተቆጠረ። መልማዩ ደብተሩ ላይ ሲጽፍ አየሁት። እንዳይጽፍ እጁን መያዝ ነበር የፈለግኩት።

አሰልጣኙ እስኪመሽ እንኳ ሳይጠብቅ እዚያው የመልበሻ ክፍሎቹ መተላለፊያ ላይ ነገረኝ። አልወሰዱትም። ከዚያም አልፎ፣ ከሚቀጥለው የጨዋታ ወቅት ጀምሮ እዚሁ ሮምም ዳር እንደሚጫወት ነገረኝ።

«ጎማዋን ስንቴ አሸነፈ? ቆጥረሃል?» አልኩት።

«ሲኞራ፣ ይረጋጉ።»

«አልረጋጋም! መሃል ለመጫወት ዓይን ነው ወይስ ዳሌ ነው የሚያስፈልገው?»

«ሁለቱም» አለ። «ትንሽ ሆነው ትልቁ ደረጃ ላይ መሃል የሚጫወቱ አሉ፣ አልዋሽዎትም። እነሱ ግን ሁሉን ነገር ከሰው ቀድመው የሚያዩ ናቸው።»

«የኔስ አያይም?»

«ያያል። በጣም ያያል። ግን በዚህ ዕድሜው ይህን ካከለ ከእንግዲህ ስንት ይጨምራል? የሰሜኖቹ ዛሬ አጭር የሆነውን ልጅ አይፈሩም። የሚፈሩት ማደጊያ ጊዜው ያለቀበትን ነው። አሎራ፣ በቃ፣ ለዕድሜው አጭር ነው።»

ፈገግ አለ። የመወልወያ ባልዲዬን በእግሬ አልኩት። ያ ቆሻሻ ውኃ መተላለፊያውን ሙሉ ሄደ፣ የአሰልጣኙንም ጫማ አራሰ። በማውቀው ጣሊያንኛ ሁሉ ሰደብኩት፣ ሲያልቅብኝ በአማርኛ ቀጠልኩ። ልጄ ከመልበሻው በር ላይ ሆኖ ይሰማል። ከዚያ ያንኑ ውኃ ራሴው ወለወልኩት፤ ሌላ ማን ይወለውለዋል?

ዳር መሆኑን ስላልተቀበልኩ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። አንድ በሽታ ተገኝቶ መድኃኒት ቢታዘዝለት እመርጥ ነበር፤ እናት እንዲህም ታስባለች። ሐኪሟ የእጁን አጥንት ራጅ አስነስታ ጤነኛ ነው አለች። አጥንቱ ግን ከዕድሜው ትንሽ ለጋ መስሎ ታያት፤ ይህ በብዙ ልጆች ያጋጥማል፣ ለማንኛውም የሕፃንነት ካርድ ካለው አስተርጉመሽ አምጪ አለችኝ። ይሄኔም ተናደድኩ። የማይረባ ወረቀት ፍለጋ ላከችኝ ብዬ።

ካርዱ ነበረኝ። ከአገሬ ስወጣ በላስቲክ ጠቅልዬ በረሃውን ያሻገርኩት የክትባት ካርድ ነው። ይዤው ቫቲካን ውስጥ ወዳለው የሐበሾች ቤተ ክርስቲያን፣ ቅዱስ እስጢፋኖስ ሄድኩ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ እዚያ ያሉት አባ ካቶሊክ መነኩሴ ናቸው፣ ግን የስደተኛ ወረቀት ሲተረጉሙ ማንንም ሃይማኖቱን አይጠይቁም። መነጽራቸውን አድርገው ካርዱን አነበቡ፣ ከዚያ የልጄን የመኖሪያ ፈቃድ፣ ፔርሜሶውን፣ ጎን ለጎን አስቀመጡት። ወዲያና ወዲህ አዩ።

«ልጄ፣ የልደቱን ቀን ወደ ፈረንጅ ማን ነው የለወጠው?»

«እኔ ነኝ አባ።»

«ዓመቱ ላይ ስንት ደመርሽ?»

«ሰባት ነዋ።»

«የካቲት እኮ ነው የሚለው። ሰባት የሚደመረው ፈረንጅ አዲስ ዓመቱን እስኪያከብር ነው። ከዚያ ወዲህ ስምንት ነው።»

«አባ፣ እባክዎ ደግመው ይቁጠሩ።»

በጣታቸው እየቆጠሩ አሳዩኝ፤ ቀስ ብለው፣ እንዳላፍር እየተጠነቀቁ። ከዚያ «ልጁን አንድ ዓመት አስረጅተሽዋል» አሉ።

ወንበሩ ላይ ቁጭ እንዳልኩ መጀመሪያ የገባንበት የስደተኞች መጠለያ፣ ካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ፣ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ጥቅምት ነበር የገባነው። መጠለያው አዳራሽ ውስጥ ሐበሻው ሁሉ ተሰልፎ ቅጽ ይሞላል፤ ጥቅምት ስለሆነ ቀኑን ለመለወጥ የሚቆጥር ሁሉ «ሰባት፣ ሰባት» ይላል። ጥግ ላይ አስተርጓሚ ተቀምጧል። እኔ ግን አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ ማንም እንዲሞላልኝ አልፈልግም ብዬ ቅጹን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ሞላሁ። የኔ ልደት ኅዳር ነው፣ ሰባቱ ልክ ነበር። ከሥሩ ለልጄም ያንኑ ሰባት ደመርኩ። ፈረምኩ። ትምህርት ቤት ሲገባ መምህሯ ሰባት ዓመቱ ነው ስትለኝ ስድስትን ጨርሶ ሰባትን ይዟል ማለቷ ነው፣ እነሱም እንደኛው ነው የሚቆጥሩት ብዬ አለፍኩት። ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ያለው ዕድሜ ዕድሜው ሆነ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከታላላቆቹ ጋር ሲታገል አየሁት፤ በየልደቱ በር ላይ አቁሜ አነስክ ብዬ ተቆጣሁት።

ሦስት ቀን አልነገርኩትም። ፈሪ ነኝ። በአራተኛው ቀን እራት ላይ ራሱ ጀመረው።

«እማ፣ ዳር እጫወታለሁ። ቫ ቤኔ፣ ግድ የለም። አሰልጣኙን ተይው።»

እንዲህ ብሎ ቅስሙ ተሰብሮ ሳየው መቻል አቃተኝና ነገርኩት፤ ስለ ካርዱ፣ ስለ አባ፣ ስለ ሰባቷ። እሱ ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አስቀመጠ።

«አሁን ስንት ዓመቴ ነው?»

«አሥራ አምስት።»

«አሥራ ስድስት አይደለሁም።»

«አይደለህም።»

ተነስቶ በር መቃኑ ጋ ሄደ፤ የእርሳሱን መስመሮች በጣቱ ከላይ እስከ ታች ነካቸው። የሚስቅ መስሎኝ ነበር። ዞር ሲል ዓይኑ ቀልቷል። «አሰልጣኙ ላይ የጮኽሽው ትዝ ይልሻል? ጓደኞቼ ሁሉ እየሰሙ? አሁን ለምን አትጮኺም?» አለኝ። ይቅርታ አልኩት። ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋው፤ ከኋላው ሄጄ ለማንኳኳት እንኳ አልደፈርኩም።

በማግስቱ የአባን ትርጉም ይዤ አሰልጣኙ ዘንድ ሄድኩ። አሁንም መተላለፊያው ላይ። አንብቦ ጨረሰና ሰሜን ደወለ። መልማዩ በአጭሩ የመለሰው ይህን ነው፤ አንድ ዓመት የሚያንስ ልጅ ከሆነ ሌላ ጨዋታ ነው፣ መታወቂያው ታርሞ ከመጣ በጸደይ እንደገና አየዋለሁ፣ መሃል ላይ። እወስደዋለሁ አላለም። አሰልጣኙ ስልኩን ዘግቶ «ዋሽቼዎት አልነበረም ሲኞራ» አለኝ። አልዋሸኝም። ይህም አናደደኝ፤ ግን የዚያን ቀን ንዴቴ የሚያርፍበት ሰው አጥቼ ይዤው ተመለስኩ።

ወረቀቱን ለማሳረም የስደተኞች ጽሕፈት ቤት ከልጄ ጋር ተሰለፍን። ቅጹ ላይ ስህተቱ እንዴት እንደተፈጠረ መጻፍ አለብኝ። ከፊቴ የቆመ የአገሬ ሰው አንገቱን አዙሮ አየና «እህቴ፣ አስተርጓሚው ተሳሳተ ብለሽ ጻፊ። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው፣ ቶሎ ያልፋል» አለኝ። ደስ አለኝ፤ እግዜር ይይልኝ፣ በጣም ደስ አለኝ። እስክሪብቶዬን አሳረፍኩ። ያ የመጠለያው አስተርጓሚ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር፣ ማንም የልጄን ልደት ቁጠርልኝ አላለውም። ልጄ በትከሻዬ በኩል ያያል፤ ከዚያች እራት ወዲህ ሦስት ቃል አላወራንም።

«የኔ ስህተት በጣሊያንኛ እንዴት ነው የሚጻፈው?» አልኩት።

ፊደል በፊደል ነገረኝ፤ ያችን ሰባት በደመረችው እጄ ጻፍኩት።

መስኮቱ ጋ ስንደርስ ፀሐፊዋ የልደቱን ዓመት አርማ፣ ቀና ሳትል ቀጣዩን ጠየቀች። ቁመት። እኔ እንደ ልማዴ ሦስቷን ሴንቲ ሜትር ልጨምርለት አፌን ከፈትኩ። ልጄ ቀደመኝ። «አንድ ሜትር ከስልሳ ሁለት» አለ፣ ከኋላችን የተሰለፈው ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ። እኔም አፌን ዘጋሁ።