የሐይቁ ካርታና የጀማል እርሳስ

በዚያን ቀን ኮምፓሱን ያነበብኩት ጠመንጃዬን ደረቴ ላይ አንጠልጥዬ ነው። ብረት መርፌውን እንደሚስብ የተማርነው ገና በሥልጠናው የመጀመሪያ ቀን ነበር፤ እኔ ግን ሳንቀላፋ አምልጦኝ ይሆናል። ዛሬ ጭሮ ከተማ ውስጥ መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰክቼ ስፈልገው የልጅ ልጆቼ ይስቃሉ። «ይቺማ ምን አላት» እላለሁ በሆዴ።

ትእዛዙ አጭር ነበር፦ ከተራራው አናት ያለውን ሐይቅና ዙሪያውን ካርታ አንሱ፤ ሻለቃ ጦሩ ሲመሽ በካርታችሁ ይወርዳል። ከጅብራና ከድንጋይ በቀር ምንም የሌለበት ውርጫማ ምድር ነው። ሰባት ሆነን ወጣን። ከሐይቁ ግራና ቀኝ ሁለት ሸለቆ አለ። የግራው ባዶ ነው። የቀኙ የጠላት መትረየስ ተጠምዶበታል።

ጧት አንድ ሰዓት ላይ ጉም ሸፍኖን ለካን። ሦስት ሰዓት ላይ ቋጥኝ ተጠልዬ ካርታውን ስስል ጓዴ የመቻራው ጀማል በትከሻዬ በላይ አጮለቀ።

«አቦ፣ ይሄ የሳልከው ወንዝ ሽቅብ ነው እንዴ የሚሄደው?»

«አንተ ገበሬ፣ ካርታ ምን ታውቃለህ?»

«ካርታ አላውቅም። ውሃ ግን አውቃለሁ፣ ወላሂ!» ደረቴን አየ። «ጠመንጃህን እንዲህ ይዘህ ነው የለካኸው?»

ጠመንጃዬን ከደረቴ አወረድኩ።

አስር አለቃችን ደምሴ ወረቀቱን ተቀበለኝ። «ሸለቆዎቹ ቦታቸውን ስተዋል፤ በዚህ ከወረዱ መትረየሱ አፍ ውስጥ ነው የሚገቡት» አለ። «እንደገና ይለካ።»

ጉሙ ግን ተገፍፏል።

ወደ ገላጣው በደረታችን ተሳብን። ስሳብ እርሳሴ ተሰበረ። ጀማል የራሱን አቀበለኝ። «አደራ፣ የእህቴ ነው።» ጠመንጃዬን ወስዶ ከኔ ራቅ ብሎ ተኛ። እዚያ መከለያ አልነበረም። መርፌው እስኪረጋ ጠበቅን። ቁጥሩን ጻፍኩ። መትረየሱ ተንጣጣ። ጀማል ተመታ። ደምሴ ሊጎትተው ሄደ። እሱም ተመታ።

ስድስት ሰዓት ላይ አምስት ሆነን ወረድን። ሲመሽ ሻለቃው በግራው ሸለቆ አለፈ፤ አንድ ሰው አልጎደለበትም። ሪፖርቱ ላይ «በጉም ምክንያት ልኬቱ ተደገመ» ብዬ ጻፍኩ። ማንም አላረመኝም።

የጀማል እህት ቡና ልትሸጥ ከመቻራ ስትመጣ ቤቴ ጎራ ትላለች።

«ጋሼ፣ ወንድሜ አጠገብዎ ነበር አይደል የሞተው?»

«ትንሽ ራቅ ብሎ» እላታለሁ።

ለምን እንደራቀ ጠይቃኝ አታውቅም። እርሳሷ ግማሽ ሆና ሳጥኔ ውስጥ አለች። ብመልስላት ትጠይቀኛለች።