አንድ ሰዓት ላይ የሚበራው ኮምፒውተር

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ሳወራው የሚስቅብኝ አለ፣ የሚያማትብም አለ። እኔ ግን በየማለዳው ስለሚመጣብኝ ብጽፈው ይቀለኝ እንደሆነ ብዬ ነው።

ሀዋሳ ውስጥ ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ። ልጆቼን ያሳደግኩት በእጄ እየጻፍኩ ነው። አሁን ግን የእጅ ጽሑፍ የሚፈልግ ጠፋ፤ ደንበኞቼ አንድ በአንድ ኮምፒውተር ወዳለው ሰው ሄዱ። ወይ ኮምፒውተር ማግኘት፣ ወይ እንጀራዬን መተው ነበረብኝ።

አዲስ መግዛት የማይታሰብ ነው። ደግሞም ቋጣሪ ነኝ። ባለቤቴ ማርታ "አንተ እኮ የክብሪት እንጨት ለሁለት ትሰነጥቃለህ" ትለኛለች፤ አልዋሸችም። ስለዚህ ዕቃውን ለየብቻ ለቃቅሜ ላስገጣጥም ወሰንኩ።

መናኸሪያ አካባቢ ያገለገሉ የኮምፒውተር ዕቃዎች የሚሸጥ ታሪኩ የሚባል ሰው አለ። ሱቁ ከመጥበቡ የተነሳ ገዢው በር ላይ ቆሞ ነው የሚመርጠው። ሦስት ቀን ተመላለስኩበት። መጀመሪያ ሁሉም ነገር የሚሰካበትን ማዘርቦርድ ከነፕሮሰሰሩ መረጥኩ። ራም ሁለት ቢሆን ይሻላል ሲለኝ አንድ ይበቃኛል አልኩት፤ እኔ ደብዳቤ እንጂ ፊልም አልሠራ። ሃርድ ዲስኩ ትንሹ፣ ኬዙ አንድ ጎኑ ክዳን የሌለው፣ ስክሪኑ ጥጉ ላይ የተጫረ። ኤሌክትሪኩን በሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ ላይ ብቻ ታሪኩ እምቢ አለኝ፤ እሱ ላይ ከቆጠቡ ቤትዎን ያቃጥላሉ ብሎ ደህናውን ሰጠኝ። በመጨረሻ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪ አርጅታለች፣ ልቀይራት አለ። ትሠራለች ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ለጊዜው ትሠራለች አለኝ። እንግዲያው ተዋት አልኩት።

ቤት ያስገባሁት ዕለት ደስታዬ ሌላ ነበር። ሁለት ማመልከቻ ጻፍኩ፣ አጠፋሁት፣ ተኛን።

በማግስቱ ቁርስ ልንቀርብ ስንል ከሳሎኑ ጥግ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማን፤ ከዚያ ማራገቢያው መዞር ጀመረ። ዞር ስንል ስክሪኑ በርቷል። ቤት ውስጥ ያለነው እኔና ማርታ ብቻ ነን፣ የነካው የለም። የግድግዳው ሰዓት ልክ አንድ ሰዓት ይላል። መብራት ሄዶ መጥቶ ይሆናል አልኳት። በማግስቱም አንድ ሰዓት ላይ በራ። በሦስተኛው ቀን ቁጭ ብለን ጠበቅነው፤ አላሳፈረንም።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ቤት አልሆነም። ማርታ ለኮምፒውተሩ ጀርባዋን ሰጥታ አትቀመጥም። የጸሎት ጓደኞቿን ጠርታ ኬዙ ላይ እጅ አስጫነችበት። አሜን ብለው በሄዱ ማግስት፣ አንድ ሰዓት ላይ በራ። ማታ ሶኬቱን ነቅዬ ሳድር ዝም አለ። እፎይ ልል ስል ማርታ "ታስሮ ነው እንጂ አልወጣም" አለችኝ። ሳቄ መጣ፤ ግን እውነቱን ልናገር፣ እኔም ፈርቼ ነበር። ሲበራ ክፍሉ ውስጥ የሆነ ሰው ዓይኑን የገለጠ ነበር የሚመስለኝ።

በመጨረሻ ቁርጡን ነገረችኝ፤ ወይ ይህ ዕቃ ይወጣል፣ ወይ እኔ እህቴ ጋ እሄዳለሁ። እንጀራዬና ሚስቴ ተጋጩብኝ።

ታሪኩ ጋ ሄጄ ጮህኩበት። ሳቀብኝ። ማዘርቦርድ እንደ ደወል ሰዓት ሊሞላ እንደሚችል፣ የቀድሞው ባለቤት አንድ ሰዓት ላይ እንዲበራ ሞልቶት እንደሆነ፣ ያቺ አሮጌ ባትሪ ደግሞ ትእዛዙን ይዛ እንደቆየች አስረዳኝ። ያኔ ባትሪዋን ብናወጣት ኖሮ ጠፍቶ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

አሁኑኑ መጥቼ ላጥፋልዎ አለ። ማርታ በዚህ እንደማትረጋ ስለማውቅ ዕቃውን ከማን እንደገዛው ጠየቅኩት። ቡሹሎ ካለች አንዲት ሴት ነው አለ፤ ደወለላትና እሺ ይምጡ አለች። በማግስቱ ማርታን ይዤ በባጃጅ ሄድን።

የሴትየዋን ስም ባልጽፈው ይሻላል። ዕድሜዋ አርባዎቹ ውስጥ ነው፣ ቀስ ብላ ነው የምታወራው። እኔ እንደ ቀልድ አድርጌ ጀመርኩ፤ የሸጥሽው ዕቃ በየቀኑ አንድ ሰዓት ላይ እየተነሳ አስቸገረን እኮ አልኳት። ፊቷ ልውጥ አለ። በቁስሏ እንጨት እንደሰደድኩ የገባኝ ያኔ ነው።

"እስካሁን ይበራል?" አለች።

ባሏ ሁለት ዓመት አልጋ ላይ ነበር። ከቀኝ እጁ ጣቶች በቀር የሚታዘዘው አካል አልነበረውም፤ በነሱ ማውስ እያንቀሳቀሰ መዝሙር ይከፍታል፣ ፎቶ ያያል። ሌሊት ሕመሙ አያስተኛውም፤ እንቅልፍ የሚወስደው ሊነጋ ሲል ነው። እሷ ደግሞ ለሥራ በአሥራ ሁለት ሰዓት ትወጣለች፣ እንዳይነቃባት በጨለማው ነው የምትለብሰው። ሲነቃ እሷን ያጣታል፤ ማብሪያው ጋ ደርሶ መጫን አይችልም። ብቻውን የነቃ እንዳይመስለው ብላ አንድ ሰዓት ላይ ራሱ እንዲበራ በባለሙያ አስሞላችው።

"የሞተ ቀንም ስመለስ በርቶ ነው ያገኘሁት፤" አለች። "ነቅቶ አይቶት ይሁን፣ በዚያው በእንቅልፉ ይሁን የሄደው፣ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።"

ማርታ አለቀሰች። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ልንወጣ ስንል ሴትየዋ እጄን ያዘችኝ።

"ጋሼ፣ ካላስቸገርኩዎት አያጥፉት። አንድ ሰዓት ላይ የሆነ ቦታ እንደሚበራ ካወቅኩ፣ ጠዋት ከቤት ስወጣ ይቀለኛል።"

ቃል ገባሁላት። ማርታም ዕቃው ይውጣ ማለቷን ተወች። ሶኬቱን አንነቅልም፤ ሲበራ ማርታ የታመመ ሰው የተኛበት ክፍል እንደገባች ሁሉ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። መስከረም ላይ መብራት ሁለት ቀን ጠፋ። ሲመጣ የኮምፒውተሩ ቀን ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ አገኘሁት፤ ባትሪዋ ሞታለች። በማግስቱ አንድ ሰዓት ሆነ፣ አለፈም። አልበራም። እኔና ማርታ የሻይ ብርጭቋችንን ይዘን ጥቁሩን ስክሪን እያየን ቀረን። እንደዚያ ጠዋት ፈርቼ አላውቅም።

ታሪኩ አዲስ ባትሪ አመጣ፤ ሳልከራከር ገዛሁት። አንድ ሰዓት ላይ እንዲበራ መልሼ ልሙላው ሲል ግን ተወው አልኩት። እሷ ያስሞላችው አይደለማ።

ለገና ሴትየዋ ደወለች። እንኳን አደረሳችሁ አለች፣ ስለ ጤናችን ጠየቀች።

"ይበራል?"

"ይበራል" አልኳት።

ስልኩን ስዘጋ ማርታ አየችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል እነሳለሁ፣ ሰዓቴን እያየሁ ጠብቄ በጣቴ እጫነዋለሁ። ሥራ ቢኖርም ባይኖርም፣ እሑድም ቢሆን። ባለፈው ወር ወባ ጥሎኝ ከአልጋ መነሳት አቃተኝ። ሰዓቱ አለፈ ብዬ ስጨነቅ ከሳሎን ያ ቀጭ የሚለው ድምፅ ተሰማኝ፤ ማርታ ነበረች።

አሁን ኮምፒውተሩን አልፈራም። የምፈራው እኔም ማርታም የማንነሳበት ጠዋት እንደሚመጣ ነው። ያን ቀን ሴትየዋ በሯን ዘግታ ወደ ሥራዋ ስትሄድ፣ ይበራል ብላ ነው የምትሄደው።